መለያ የሌለው ጠርሙስ በራያ ሜዳ

በቆቦ ሜዳ ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ቅጠሉ እየጠቆረ መርገፍ ሲጀምር ብዙ ጊዜ የሚገዛው ማንኮዜብ የሚባለውን ፀረ-ፈንገስ ነው። ቢጫማ ዱቄት ነው፤ በውሃ ተበጥብጦ በጀርባ በሚታዘል መርጫ ይረጫል። እሽጉን አገላብጦ ለሚያይ ሰው ግን የሚጋጩ የሚመስሉ ሁለት ምልክቶች አሉበት። ከግርጌ ዙሪያውን የዞረው መስመር አረንጓዴ ነው። የአሁኑን ዓለም አቀፍ ሥርዓት ተከትሎ በታተመ እሽግ ላይ ደግሞ፣ ከመስመሩ ከፍ ብሎ፣ በማዕዘኑ የቆመ ባለ ቀይ ጠርዝ አራት ማዕዘን ይታያል። ውስጡ ከደረት በላይ የተሳለ ጥቁር የሰው ምስል አለ፤ ደረቱ ላይ ነጭ ኮከብ የመሰለ ስንጥቅ ወደየአቅጣጫው ተበትኗል። መስመሩ «አትስጋ» የሚል ይመስላል፤ ሥዕሉ ግን ሰው ከውስጥ ሲጎዳ ያሳያል።

ሁለቱም ልክ ናቸው። አረንጓዴው መስመር የሚናገረው ስለ ዛሬ ብቻ ነው፦ ኬሚካሉ በስህተት ቢዋጥ ወይም ቆዳ ቢነካ ወዲያው የመግደል አቅሙ ዝቅተኛ ነው ማለት ነው። የደረቱ ሥዕል የሚናገረው ስለ ነገ ነው፤ በተደጋጋሚ ወደ ሰውነት ሲገባ ቆይቶ ለሚመጣ ጉዳት ያስጠነቅቃል። ማንኮዜብ በማህፀን ያለ ፅንስን ሊጎዳ ይችላል ተብሎ በአውሮፓ ኅብረት የተመደበ ሲሆን ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ፈቃዱን ላለማደስ ወስኗል። ቲማቲሙን ነፍሰ ጡር ሴት ልትለቅም በምትችልበት ማሳ ላይ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ቀለሙን ብቻ ያየ ሰው ግማሹን መልእክት ብቻ ነው ያገኘው።

የቀለሙ መስመር ከሥዕሉ ይቀድማል። የዓለም ጤና ድርጅት ፀረ-ተባዮችን ወዲያው በሚያደርሱት ጉዳት መጠን መመደብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። በዚሁ ምደባ ላይ ተመሥርቶ እጅግ አደገኞቹ ሁለት ምድቦች ቀይ፣ መካከለኞቹ ቢጫ፣ ቀለል ያሉት ሰማያዊ፣ በተለመደው አጠቃቀም ወዲያው ይጎዳሉ ተብለው የማይጠበቁት ደግሞ አረንጓዴ መስመር ተሰጣቸው። ከመስመሩ ጎን የሚሰለፉት ትናንሽ ሥዕሎች፣ ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ የፊት መሸፈኛ፣ እጅ መታጠብ፣ ቁልፍ ያለው መደርደሪያ፣ የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ከአምራቾች ጋር ሆኖ ያዘጋጃቸው ናቸው። ማንበብ ለማይችል ሰው ምን መልበስ፣ የት ማስቀመጥ እንዳለበት ይነግሩታል።

ይህ ሁሉ ለራያ ቆቦ ለምን አሳሳቢ ሆነ?

ቆቦ ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ሞቃታማ ከተማ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ የላስታ ደጋ ያጠሯት ሜዳ ለዘመናት የኖረችው በማሽላና በጤፍ ነው። ዝናቡ አይታመንም፤ ስለዚህ የራያ ገበሬ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ላይ ማስተኛት ከአባቶቹ የወረሰው ጥበብ ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ ፓምፕ ተተክሎ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ በበጋ መመረት ጀመረ። ውሃው በረከት ነው። ሆኖም ማሳ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሲሆን ለተባይም ዓመቱን ሙሉ ምግብ አለው። የሽንኩርቱ ትሪፕስ፣ የቲማቲሙ ትል፣ ቅጠል አድርቁ ተራ በተራ ይመጣሉ፤ ገበሬውም ርጭቱን ያከታትላል።

በዝናብ የሚለማው ማሳም አልተረፈም። አሜሪካን ተምች የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያ ገባ። በ2013 ዓ.ም. መኸር ደግሞ የበረሃ አንበጣ መንጋ የራያን ማሽላና ጤፍ ሊታጨድ ሲል ደረሰበት፤ ሕዝቡ ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ሲከላከል ከሰማይም ከምድርም ኬሚካል ተረጨ። ያኔ ገበሬው አንድም ምልክት ሳያይ ርጭቱ ማሳው ላይ አረፈ። ርጭት ንብንም ስለሚነካ አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የሞተ ዓሣና የደረቀ ዛፍ ያለበት የአካባቢ ጉዳት ሥዕል የሚሰጠው በውሃ ውስጥ ለሚኖር ፍጥረት አደገኛ ለሆነ ኬሚካል ነው፤ ንብን የሚመለከት መለኪያ በውስጡ የለም። የንቡ ማስጠንቀቂያ ያለው በመለያው ጽሑፍ መካከል ስለሆነ ቀፎ ያለው ሰው ሥዕሉን ብቻ አይቶ መተማመን የለበትም።

ባለ ቀይ ጠርዙ ሥርዓት የተወለደው ከንግድ ግራ መጋባት ነው። አንዱ ኬሚካል በአንድ አገር «መርዛማ»፣ በሌላው «ጎጂ»፣ በሦስተኛው ደግሞ ምንም አደጋ የሌለው ተብሎ ይሸጥ ነበር። አውሮፓ ብርቱካናማ አራት ማዕዘን ትለጥፍ ነበር፤ ሌላው የራሱን ምልክት ይለጥፍ ነበር። አብዛኛውን ኬሚካል ከብዙ አገር የሚያስገባ እንደ ኢትዮጵያ ያለ አገር የሁሉንም ቋንቋ መፍታት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1992 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ የተሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ አንድ ወጥ የምደባና የመለያ ሥርዓት እንዲዘጋጅ ጠየቀ። ሥርዓቱን የያዘው መጽሐፍ የታተመው ከ11 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ በሽፋኑ ቀለም ምክንያት «ሐምራዊው መጽሐፍ» እየተባለ ይጠራል፤ በየሁለት ዓመቱም ይታረማል።

ሥርዓቱ ዘጠኝ ሥዕሎች አሉት። የሚፈነዳው ቦንብ፣ የጋዝ ሲሊንደሩና በክብ ላይ የሚነደው እሳት የፋብሪካና የመጋዘን ጉዳዮች ናቸው። ገበሬውንና የቤት እመቤቷን በቅርብ የሚመለከቱት የቀሩት ናቸው። የራስ ቅልና የተጣመሩ አጥንቶች በትንሽ መጠን ሊገድል ለሚችል ኬሚካል ይሰጣሉ። መለኪያውም አለ፦ በላቦራቶሪ ከተሞከረባቸው እንስሳት ግማሹን የሚገድለው መጠን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 300 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የራስ ቅሉ ይሳላል። ከ300 እስከ 2,000 ሚሊ ግራም ከሆነ ደግሞ በምትኩ ቃለ አጋኖ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ድክመት አለ። የራስ ቅሉን ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ያውቀዋል፤ በመብራት ምሰሶና ትራንስፎርመር ላይ ሲያየው ኖሯል። ቃለ አጋኖ ግን የፊደል ጓደኛ ነው፤ ማንበብ ለማያውቅ ሰው አንድ ጭረትና አንድ ነጥብ ነው። የደረቱ ኮከብም ቢሆን ካልተነገረ በቀር የሚገመት አይደለም። አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ በአንድ ገበያ በሚሰሙበት በራያ ሥዕሉ ከጽሑፉ የበለጠ ሸክም አለበት፤ ስለዚህ ሥዕሉን ማስተማር እንደ ትርፍ ሥራ መታየት የለበትም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚስተው ሥዕል የሚያቃጥል ፈሳሽ እጅና ብረት ላይ ሲንጠባጠብ የሚያሳየው ነው። በረኪናና አሲድ ላይ ቢታይ ማንም አይደነቅም። ነገር ግን ጤፍ ውስጥ ለሚበቅል ሰፊ ቅጠል አረም የሚረጨው ቱ-ፎር-ዲም ይህ ሥዕል ይገባዋል፤ ምክንያቱም ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ገበሬው ፀረ-አረምን ከፀረ-ነፍሳት ያነሰ ይፈራዋል፤ የሚገድለው ሣር ነው ብሎ ያስባል። ጠርሙሱን በጥርሱ ከፍቶ፣ መነጽር ሳያደርግ፣ ነፋስ ሲነሳ የሚረጭ ሰው የሚያጣው ዓይኑን ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ወስዶ መነበብ ያለበት ግን የነቀዝ ኪኒን መያዣ ነው።

ኪኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። ግራጫ፣ ክብ፣ በተለምዶ 3 ግራም የሚመዝን ሲሆን የአየሩንና የእህሉን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ከአንዱ ኪኒን 1 ግራም ጋዝ ይወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። መያዣው ላይ ሦስት ሥዕሎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። እሳቱ አለ፤ ከውሃ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ይቀጣጠላልና። የራስ ቅሉ አለ፤ ቢዋጥም ቢተነፈስም ይገድላልና። የሞተው ዓሣም አለ። ከሥዕሎቹ ጋር ሥርዓቱ ካሉት ሁለት የማስጠንቀቂያ ቃላት ከባዱ፣ «አደገኛ» የሚለው፣ ይጻፋል። ዝቅ ላለው አደጋ የሚውለው «ማስጠንቀቂያ» የሚለው ነው። ከቃሉ ሥር አደጋውንና ጥንቃቄውን የሚናገሩ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይከተላሉ፤ በመጨረሻም የአምራቹ ወይም የአስመጪው ስምና አድራሻ።

ይህ መያዣ የብረት ወይም የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ በውስጡ ያለው ብዙ ኪኒን ነው። በገጠር ገበያ የሚሸጠው ግን በፍሬ ነው። ሁለትና ሦስት ፍሬ በወረቀት ወይም በላስቲክ ተጠቅልሎ በኪስ ይገባል። ሦስቱም ሥዕሎች ነጋዴው ዘንድ ቀሩ። ገዢው ይዞት የሄደው ከከረሜላ የማይለይ፣ ስም የሌለው ግራጫ ፍሬ ነው። የራያ ገበሬ ማሽላውን በጎተራ ወይም በጉድጓድ ያስቀምጣል፤ ጎተራው ሰው ከሚተኛበት ክፍል ጋር ግድግዳ ሲጋራ ጋዙ ሌሊቱን ወደ መኝታ ሊገባ ይችላል። ፎስፊንን የሚያረክስ መድኃኒት የለም። ሐኪሙ ማድረግ የሚችለው ልብንና ትንፋሽን መደገፍ ነው። በአገራችን ራሳቸውን ለማጥፋት ከሚሞክሩ ሰዎች እጅ ይኸው ኪኒን በተደጋጋሚ መገኘቱ ሐኪሞች የሚያውቁት ሐዘን ነው፤ በፍሬ መሸጡም እጅ ላይ መድረሱን አቅልሎታል።

ለነቀዝ ሌላ መንገድ አለ። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ፒክስ ከረጢት በትክክል ከታሰረ ነቀዙን አየር አሳጥቶ ይገድለዋል፤ ኬሚካልም አይፈልግም። ዋጋው ከተራ ጆንያ ከፍ ይላል፤ ሆኖም ካልተቀደደ ከአንድ ዓመት በላይ ያገለግላል። ይህ ጸሐፊ የሚያምነው ለነቀዝ ኪኒን በጣም ጥሩው መለያ ቤት ውስጥ አለመኖሩ መሆኑን ነው።

ምልክት ከዕቃው ሲለይ ወይም ለተመልካቹ ባዕድ ሲሆን ምን እንደሚከተል ዓለም በኢራቅ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1971 መጨረሻ፣ ከድርቅ በኋላ፣ በሜርኩሪ የታሸ የስንዴና የገብስ ዘር ከሜክሲኮና ከአሜሪካ ገብቶ ለገበሬዎች ታደለ። እህሉ ለመለያ ቀይ ተቀብቷል። በከረጢቱ ላይ የነበረው ማስጠንቀቂያ በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ነው፤ የራስ ቅሉም ለኢራቅ ገጠር ምንም ትርጉም አልነበረውም። ዘሩ ለአንዳንዱ የደረሰው የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነበር። ሰዎች ቀለሙን አጥበው ሲያዩት የለቀቀ መሰላቸው፤ መርዙም አብሮ የሄደ መስሏቸው ፈጭተው ጋገሩ። ዶሮና ከብት ላይ የሞከሩም ነበሩ፤ ጉዳቱ ወዲያው ስለማይታይ ተማመኑ። በመንግሥት ቁጥር 6,530 ሰው ሆስፒታል ገባ፤ 459 ሞተ። ዛሬ ወደ ራያ የሚገባው የበቆሎ ምርጥ ዘር የሚታሸው በሜርኩሪ አይደለም፤ ነገር ግን ሮዝ ወይም ቀይ ቀለሙ ዛሬም «አይበላም» ማለት ነው። ታጥቦ ለንፍሮ የሚሆን እህል አይደለም።

ኢትዮጵያም የራሷ ታሪክ አላት። ለአንበጣና ለተምች መከላከያ ለአሥርት ዓመታት የገባ ኬሚካል በየመጋዘኑ ጊዜው አልፎበት ተከማችቶ ነበር። በርሜሉ ዝጎ፣ ወረቀቱ ተልጦ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ለማወቅ ያስቸገረው ብዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከ1 ሺህ ቶን በላይ የሚሆነው በጥንቃቄ እንደገና ታሽጎ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተላከና በከፍተኛ ሙቀት ተቃጠለ። አገር ገንዘብ ከፍላ ወይም ለምና ያስገባችው፣ በሌላ ገንዘብ ተመልሶ ወጣ።

ሕጉ አለ። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ እንዳይገባና እንዳይሸጥ ያግዳል፤ ማሸጊያና መለያንም ይቆጣጠራል። ቁጥጥሩ ዛሬ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን እጅ ነው። በሕጋዊ መንገድ የገባ ጠርሙስ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታያል። እስከ ሱቁ መደርደሪያ ድረስ ነገሩ ከሞላ ጎደል ሥርዓት አለው። የሚፈርሰው ከመደርደሪያው እስከ ማሳው ባለው የመጨረሻ መንገድ ላይ ነው።

ሂሳቡን ማየት ይበቃል። ቱ-ፎር-ዲ ለጤፍ የሚመከረው ለአንድ ሄክታር 1 ሊትር ገደማ ነው። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ያህል ነው፤ ስለዚህ አንድ ጥማድ ጤፍ ያለው ሰው የሚያስፈልገው ሩብ ሊትር ነው። ሱቁ ያለው የ1 ሊትር ጠርሙስ ነው። ገበሬው ለሦስት ጥማድ ትርፍ ገንዘብ የለውም፤ ነጋዴውም ገበያ ማጣት አይፈልግም። ስለዚህ ባዶ ሃይላንድ ይመጣና ይቀዳለታል። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ነገር ግን መለያው፣ ቀለሙ፣ ሥዕሉ፣ መጠኑ ሱቁ ውስጥ ቀርተዋል፤ ወደ ቤት የሚሄደው ቡናማ ፈሳሽ የያዘ የውሃ ጠርሙስ ነው። በቆቦ ሙቀት የጠማው ልጅ የሚያውቀው ሃይላንድ ውሃ እንደሚያዝበት ነው።

የገበሬውን ኪስ የሚነካም ነገር አለ። ቱ-ፎር-ዲ ጤፍን አይነካም፤ ቲማቲምንና ቃሪያን ግን ያጠወልጋል፣ ያጣምማል። ስም የሌላቸው ሁለት ሃይላንዶች አንድ ጥግ ተቀምጠው ሲምታቱ፣ ወይም ፀረ-አረም የነበረበት መርጫ በደንብ ሳይታጠብ ለቲማቲም ሲውል፣ የወራት ድካም በሳምንት ውስጥ ይበላሻል። ስለ ካንሰር ሲነገረው የማይሰማ ሰው ይህን ይሰማል፤ የልማት ሠራተኞች ትምህርቱን ከዚህ ቢጀምሩት ይሻላል።

መፍትሔው ነጋዴውን በመቅጣት ብቻ አይገኝም። ለአንድ ጥማድ የሚበቃ፣ ከፋብሪካ የታሸገ፣ ሙሉ መለያ የያዘ የ100 እና የ250 ሚሊ ሊትር እሽግ ገበያ ላይ ቢኖር መቅዳት ራሱ ምክንያት ያጣል። ትንሽ እሽግ በሊትር ሲሰላ ይወደዳል፤ ልዩነቱን ዩኒየኖችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት በጅምላ በመግዛት ሊያቀሉት ይችላሉ። ባለሥልጣኑም አንድን ምርት ሲመዘግብ «ምን ያክል እሽግ?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ በትንሽ ማሳ አገር የ1 ሊትር ጠርሙስን ብቻ መፍቀድ መቅዳትን እንደ መፍቀድ ይቆጠራል። የነቀዝ ኪኒን ደግሞ በፍሬ ከሚሸጥበት ገበያ ፈጽሞ መውጣት አለበት።

የመከላከያ ልብሱን ነገርም በሐቅ መናገር ይገባል። መለያው ረጅም እጅጌ፣ ጓንትና የፊት መሸፈኛ ያዛል። እኩለ ቀን ላይ በራያ ቆላ ያን ለብሶ መርጫ ተሸክሞ መሄድ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ብዙው ሰው ፎጣውን አፍንጫው ላይ ጠምጥሞ በባዶ እግሩ ይረጫል። ፎጣ ተን አያስቀርም፤ ሲረጥብም ኬሚካሉን ፊት ላይ ለጥፎ ያቆየዋል። የሚያዋጣው ርጭቱን ወደ ማለዳ ማምጣት ነው። ማለዳ ነፋሱም ሙቀቱም ስለሚቀንስ ልብሱ ይቻላል፤ ኬሚካሉም ሳይበተን ቅጠሉ ላይ ያርፋል። ባዶው ጠርሙስ ሦስት ጊዜ በውሃ ተለቅልቆ እጣቢው ወደ መርጫው ይጨመራል፤ ከዚያ ዘይትና ውሃ እንዳይቀዳበት ይበሳል።

አደጋ ከደረሰ ደግሞ ጠርሙሱ ከታማሚው ጋር አብሮ ይሂድ። ማላታይን፣ ፕሮፌኖፎስና ክሎርፒሪፎስን የመሳሰሉት የአንድ ወገን መርዞች ምራቅና ላብ ያበዛሉ፣ የዓይን ብሌን ያጠባሉ፣ ትንፋሽ ያሳጥራሉ። አትሮፒን የሚባለው መርፌ በጊዜ ከተሰጠ ሰውን ያተርፋል። ለነቀዝ ኪኒንና ለቱ-ፎር-ዲ ግን አትሮፒን ማርከሻ አይደለም። በቆቦም ሆነ በወልድያ ሆስፒታል ተረኛ የሆነው ሐኪም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የቱን መንገድ እንደሚይዝ የሚነግረው በመለያው ላይ ያለው የኬሚካሉ ስም ነው፤ ለሐኪም ተብሎ የተጻፈ የሕክምና መመሪያም ብዙ ጊዜ እዚያው አለ። ሃይላንድ ይዞ የመጣ ቤተሰብ ሊናገር የሚችለው «የአረም» ወይም «የተባይ» ብቻ ነው።